አንድ ኪሎ ማንጎ ስንት ኩባያ ይወጣዋል?

አራት። ድስት ጥዳችሁ፣ እጃችሁ በማንጎ ተጨማልቆ ስልክ የከፈታችሁ ከሆነ ይህችን ይዛችሁ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ፦ ከገበያ የመጣ አንድ ኪሎ ማንጎ ተልጦ፣ ፍሬው ወጥቶ፣ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ሲከተፍ አራት የአሜሪካ ኩባያ ገደማ ይሞላል። ጊዜ ያላችሁ ደግሞ ቁጭ በሉ፤ ይህች አራት የምትባል ቁጥር ከየት እንደመጣችና የት ላይ እንደምትከዳ ላውጋችሁ።

እኔ ገርጂ፣ ቤቴ ሆኜ ኬክና ማርማላታ በትእዛዝ እሠራለሁ። የምሠራባቸው ሬሲፒዎች ከየአገሩ የተለቃቀሙ ናቸው። የአውሮፓዎቹ በግራም ይናገራሉ፣ የአሜሪካኖቹ በኩባያ፣ የእኛ ገበያ ደግሞ በኪሎ። ታናሽ እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ወጥ ቤቷ ውስጥ የሌለ የማሽን ዓይነት የለም፤ ሚዛን ግን የላትም። ትደውልና "አንቺ ግማሽ ኪሎ አናናስ ትያለሽ፣ እኔ በምን ልስፈረው? በኩባያ ንገሪኝ እንጂ" ትለኛለች።

"መጀመሪያ እንዴት አድርገሽ እንደከተፍሽው ንገሪኛ።"

"ኧረ በናትሽ፣ ነገር አታብዢ!"

ነገር ማብዛት አይደለም። ለውሃና ለወተት ቢሆን አንድ ቁጥር ነግሬያት ስልኩን እዘጋው ነበር። የተከተፈ ፍራፍሬ ግን በኩባያ ሲሰፈር ግማሽ ነገሩ የሚወሰነው በቢላዋ ነው።

እስቲ ከኪሎው እንጀምር። ኪሎ ሲባል የቱ ኪሎ? የሻጩ ኪሎ አለ፣ የድስቱ ኪሎ አለ። ሰፈራችን ያለው ፍራፍሬ ሻጭ ልጅ "እናት፣ ስንት ላድርግልሽ?" ይለኛል። ሁለት እለዋለሁ። ሚዛኑ ካዘነበለ በኋላ "መርቅልኝ እንጂ" ስለው አንዲት ትንሽ ማንጎ ጣል ያደርግበታል። ምርቃቱን ስቆርጥ እዚያው ለሚመጣ ሰው እሰጠዋለሁ እንጂ በሒሳብ አላስገባውም። ትልቁ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ማንጎ ልጣጩና ፍሬው ሲወጣ ከክብደቱ ሲሶ ገደማ ይዘው ይሄዳሉ። ኬንትና ቶሚ አትኪንስ የሚባሉት ትልልቆቹ ፍሬያቸው ሳሳ ያለ ስለሆነ የሚተርፈው ሥጋ ይበዛል። ክር የሚበዛበት ትንሹ የአገር ቤት ማንጎ ግን፣ ጣዕሙን ምንም አይወጣለትም፣ ፍሬው ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ብዙውን ያስቀርባችኋል። እሱን ለጭማቂ እንጂ ለክትፍ አልገዛውም።

አናናስ የባሰ ነው። ዘውዱ፣ ልጣጩና መሀሉ ያለው ጠንካራ እንጨት መሰል ነገር ሲወጣ ግማሹ ገደማ ቅርጫት ውስጥ ነው የሚገባው። ሃብሃብም እንደዚያው፣ ያ ወፍራም ልጣጭ ግማሽ ገደማ ይበላል። ፓፓያ ከሲሶ ትንሽ በለጥ ያለ፣ ሙዝም ሲሶ ገደማ ያስቀራሉ። በዚህ ረገድ ደጉ አቮካዶ ነው፤ ሩብ ያህሉን ብቻ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ሬሲፒ "500 ግራም አናናስ" ሲል ከሻጩ ዘንድ አንድ ኪሎ ግዙ ማለት ነው። ግማሽ ኪሎ የገዛ ሰው ኬኩን በግማሽ አናናስ ነው የሚጋግረው።

አሁን ወደ ኩባያው። የማንጎ ሥጋ ከውሃ ጋር የሚቀራረብ ክብደት ነው ያለው። የአሜሪካ ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ነው። ምንም ክፍተት ሳይኖር በማንጎ ሥጋ ብትጠቀጥቁት 240 ግራም ገደማ በመዘነ ነበር። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ሰንጠረዥ ግን አንድ ኩባያ የተቆራረጠ ማንጎ 165 ግራም ነው ይላል። የቀረው የት ሄደ? አየር ነው። ከኩባያው ሲሶ የሚጠጋው ባዶ ቦታ ነው።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። የተከተፈውን ማንጎ በሚያሳይ መስፈሪያ ውስጥ ዝም ብላችሁ ገልብጡት። ቁርጥራጮቹ ማዕዘን ለማዕዘን ተደጋግፈው ይቆማሉ፤ በተለይ ግድግዳው ጥግ ላይ ሰፋፊ ቀዳዳ ይታያል። አንዴ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ስታደርጉት የታክሲ ረዳት "ጠጋ ጠጋ በሉ" ያላቸው ይመስል ዝቅ ብለው ለአንድ ለሁለት ማንኪያ ቦታ ይለቃሉ። ደግሞ ትንሽ ቆይታችሁ ብታዩ የተቆረጠው ፊት ሁሉ እያለቀሰ ጭማቂው ከታች ያቁርና ቀዳዳውን መሙላት ይጀምራል። ያው ማንጎ፣ ያው ኩባያ፣ ሌላ ክብደት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ደቀቅ አድርጎ ሲከተፍ አየሩ ይቀንሳል" ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ እንደዚያ ቀጥተኛ አይደለም። ትልቅ ጡብም ሆነ ትንሽ ጡብ፣ ቅርጻቸው አንድ ከሆነና ሳጥኑ ሰፊ ከሆነ በመሀላቸው የሚተርፈው ክፍተት ድርሻው ያው ነው። ልዩነቱን የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ኩባያ ጠባብ ስለሆነ ትልልቅ ቁራጭ ከግድግዳው ጋር አይገጥምም። ሁለተኛ፣ ፍራፍሬ ጡብ አይደለም፤ ብዙ በቆረጣችሁት ቁጥር ብዙ ጭማቂ ይለቃል፣ ይለሰልሳል፣ ይተኛል። እንጆሪን ተመልከቱ፦ ሳይቆረጥ ኩባያው 144 ግራም ይይዛል፣ ለሁለት ሲከፈል 152፣ ሲሰነጣጠቅ 166፣ ሲፈጭ 232። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድረስ 88 ግራም ልዩነት፣ በአንድ ኩባያ!

አፕል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ተከትፎ ኩባያው 125 ግራም ብቻ ነው። ሥጋው ራሱ ውስጡ አየር አለበት፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም ለዚህ ነው። ስለዚህ አፕል ስትከትፉ በቁራጮቹ መሀል ያለው አየር ላይ በቁራጮቹ ውስጥ ያለው ይደመርበታል። በማንጎ የተሠራን ኬክ በአፕል ልሥራው የሚል ሰው በኩባያ ከለወጠ አንሶበታል ማለት ነው።

ሙዝ ላይ ነው ነገሩ አፍጥጦ የሚወጣው። ክብ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ሙዝ ኩባያው 150 ግራም፣ በሹካ የተደፈጠጠ 225 ግራም። ሬሲፒው "2 ኩባያ ሙዝ" ብሎ ዝም ካለ 300 ግራም ይሁን 450 የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው። ሙዝ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። ያ የ150 ግራም ልዩነት ከመቶ ሚሊ ሊትር በላይ ውሃ ወደ ሊጡ ይዞ ይገባል፤ ዳቦው መሀሉ ላይ እርጥብ ሆኖ ሲወጣ የሚወቀሰው ግን ምድጃው ነው። የሙዝ ዳቦ ከሆነ ሁልጊዜ የተደፈጠጠውን ነው ብላችሁ ውሰዱ። ያ የጠቆረው፣ ሻጩ አርክሶ የሚሰጣችሁ ሙዝ ለዚህ የተፈጠረ ነው።

ለሌሎቹ ቁጥሩን ብቻ ልጣልላችሁ። አናናስ ተቆራርጦ 165፣ ልክ እንደ ማንጎ። ዘይቱንም እንደዚሁ 165። ፓፓያ 145፣ አቮካዶ በቁራጭ 150፣ ተደፍጥጦ 230። ሃብሃብ 152፣ ብርቱካን በፍልቃቂ 180። ሁሉም የአሜሪካ ኩባያ ናቸው፤ ሁሉም ሳይጠቀጠቁ፣ አፉ ላይ ተስተካክለው። ከዚህ በላይ ማስታወስ የማይፈልግ ሰው ለተከተፈ ለስላሳ ፍራፍሬ 150 እስከ 165፣ ለተደፈጠጠ 230 ብሎ ቢይዝ ከአፕል በስተቀር ብዙም አይሳሳትም።

ግን ኩባያችሁስ የቱ ነው? አውስትራሊያ 250 ሚሊ ሊትር ነው፣ ጃፓን 200 ነው። አሜሪካኖቹን ኩባያና ማንኪያ አፉ ላይ አስተካክለው እንዲሰፍሩ ያስለመደቻቸው የቦስተኗ የምግብ ሥራ አስተማሪ ፋኒ ፋርመር ናት፣ በፈረንጆቹ 1896 ባሳተመችው መጽሐፍ። እሷ ለዱቄትና ለስኳር ሥርዓት አበጀች፤ እግዜር ይስጣት። ማንጎ ላይ ያን ያህል አልሠራም። እኛ ጋ በየሱቁ የሚሸጠው የፕላስቲክ መስፈሪያ አንዳንዱ 240፣ አንዳንዱ 250 ይላል፣ አንዳንዱ ምንም አይልም። ቤት ውስጥ ኩባያ የምንለው የሻይ ዕቃ ደግሞ እንደ ቤቱ ነው።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ያልተከፈተ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ግዙ። ውሃውን በኩባያችሁ ስፈሩት። ልክ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ካለቀ ኩባያችሁ 250 ነው። ሁለት ጊዜ ሞልታችሁት ጠርሙሱ ሥር ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ውሃ ከተረፈ የአሜሪካ ኩባያ ይዛችኋል። ሁለተኛው ሳይሞላ ካለቀ ደግሞ ያ ዕቃ ለሻይ ነው፣ ለሻይ ተዉት።

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል ለምትሉ፣ ማርማላታ ሥሩ። የማርማላታ የታወቀው ሕግ ፍራፍሬና ስኳር እኩል ለእኩል የሚለው ነው። በሚዛን ከሆነ ደህና ሕግ ነው። በኩባያ ሲሆን ግን ሁለት የተለያየ ማርማላታ ይወጣዋል። አንድ ኩባያ ስኳር 200 ግራም ነው። አንድ ኩባያ የተከተፈ ማንጎ 165። እኩል ለእኩል ስፍራችሁ ስኳሩ ከማንጎው ከአምስት አንድ እጅ በላይ በለጠ ማለት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ጥርስ የሚያቆም ጣፋጭ ይሆናል፣ አንዳንዴም ስኳሩ ጠርሙሱ ውስጥ ተመልሶ ይጠጥራል። ያንኑ ማንጎ መጀመሪያ በብሌንደር ፈጭታችሁ አንድ ኩባያ ብትሰፍሩ ደግሞ ማንጎው ከ230 ግራም ስለማያንስ ስኳሩ ያንሳል፤ ምንቸቱ ላይ ብዙ ያስቆማችኋል፣ ቀጠን ይላል፣ የመቆያ ዕድሜውም ያጥራል። ሬሲፒው አንድ፣ ሴትዮዋ አንድ፣ ድስቱ አንድ። የተለወጠው ማንጎው የተሰፈረበት ሰዓት ብቻ ነው፣ ከመፈጨቱ በፊት ወይስ በኋላ። ለዚህ ነው ማርማላታን በኩባያ የሚያሠራ ሬሲፒ ሳይ በጥርጣሬ የማየው።

መንገዴን ልልቀቅና፣ ማርማላታ ካነሳን አዲስ አበባ ላይ ያለን ሰዎች የምንጎዳበት ሌላ ቁጥርም አለ። የፈረንጅ ሬሲፒ ቴርሞሜትሩ 104 ወይም 105 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱ ይላል። ያ ባሕር ጠለል ላይ ነው። ውሃ እዚህ ከፍታ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ እኛ 96 ወይም 97 ላይ ነው ማውረድ ያለብን። 104 እስኪደርስ የጠበቀ ሰው ማርማላታ ሳይሆን ከረሜላ ነው የሚያገኘው። እህቴ ያለችበት ዝቅ ያለ ስለሆነ የመጽሐፉ ቁጥር ለእሷ ይሠራላታል።

ኬክ ላይ ጉዳቱ ከማርማላታ ያነሰ ነው፣ ግን አለ። ሁለት ኩባያ ማንጎ የሚል ኬክ ላይ አንዷ ዝም ብላ ትገለብጣለች፣ ሌላዋ እየጠቀጠቀች ትሞላለች። የሁለቱ ልዩነት 50 ግራም ቢሆን፣ ማንጎ ከመቶ 83 እጁ ውሃ ስለሆነ ከ40 ግራም በላይ ውሃ ነው፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሊሞላ ምንም አይቀረው። አናናስ ቢሆን ከመቶ 86 እጁ ውሃ ነው፣ በዚያ ላይ ሊጡ ውስጥ እያለ መልቀቁን አያቆምም። እኔ የተከተፈ አናናስ ወንፊት ላይ አስቀምጬ ነው የምመዝነው፣ ጭማቂው ከወረደ በኋላ።

ሚዛን የሌለው ሰውስ? እህቴን ያስተማርኳት ዘዴ አለ፤ የአርኪሜዲስ ነው፣ ክፍል ውስጥ ተምረነው ወጥ ቤት ያላመጣነው። ተንሳፋፊ ዕቃ የሚገፋው ውሃ ክብደቱ ከዕቃው ክብደት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ አንድ ሰፊ ድስት ትሪ ላይ አስቀምጡ። ቀለል ያለ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ባዶውን አንሳፉበትና ድስቱን እስከ አፉ፣ ጠብ ሊል እስኪደርስ ድረስ ውሃ ሙሉት። ትሪው ላይ የፈሰሰ ካለ ጥረጉ። ከዚያ የተከተፈውን ፍራፍሬ ወደ ሳህኑ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ሳህኑ ይሰምጥ ይሰምጥና ውሃው በድስቱ ከንፈር ላይ ወደ ትሪው ይወርዳል። የፈሰሰውን ሰብስባችሁ ስፈሩት፦ ግማሽ ሊትር ከሞላ ግማሽ ኪሎ ፍራፍሬ ሳህኑ ላይ አለ። እዚህ ላይ አፕልም ሆነ ማንጎ፣ ትልቅ ቁራጭም ሆነ የተፈጨ፣ ለውጥ የለውም። ሳህኑ መንሳፈፉን ብቻ ጠብቁ፤ የድስቱን ሥር ከነካ ሒሳቡ ፈረሰ፣ ከተገለበጠም ያው ታውቁታላችሁ።

እህቴ በቪዲዮ እያየኋት ሠራችው። ወጥ ቤቷን በውሃ አጥለቀለቀችው፣ ሳቀችብኝ፣ አናናሱ ግን ልክ ወጣ። በሳምንቱ ሚዛን ገዛች። ያቺ ሳህኑን አስቀምጠው ሲጫኗት ወደ ዜሮ የምትመልስ ቁልፍ ያለችውን።

ለሁሉም ነገር እንዲህ ይጨነቁ እያልኩ አይደለም። ፍሩት ሰላድ በሚዛን የሚሠራ ሰው ካለ እኔ አልጋበዝም። ጁስ ቤት ሄዳችሁ ስፕሪስ ስታዙ ልጁ አቮካዶውን በማንኪያ እየዛቀ በዓይኑ ነው የሚሰፍረው፣ ንብርብሩ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ገንፎ ላይ የሚጣል ሙዝ፣ እርጎ ላይ የሚነሰነስ ማንጎ በእፍኝ ይበቃል። ሚዛኑን የምፈልገው ስኳር እንዲረጋ ወይም ሊጥ እንዲነሳ በምጠብቅበት ቦታ ብቻ ነው።

ውጭ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ በረዶ የሆነ፣ ተከትፎ የታሸገ ማንጎ ይሸጣል። የአንድ ፓውንዱ ከረጢት 454 ግራም ነው፤ ልጣጭ የለ፣ ፍሬ የለ፣ ሁሉም ይበላል። በኩባያ ሁለት ከሦስት ሩብ ገደማ ነው። በረዶ እንዳለ ስፈሩት። ከቀለጠ በኋላ ይተኛና ጭማቂውን ይለቃል፣ ያኔ ኩባያው ሌላ ይነግራችኋል። ከረጢቱ ላይ ግራሙ ተጽፎላችሁ ሳለ ኩባያ መፈለጋችሁም ይገርመኛል፤ ከረጢቱን ግማሽ ግማሽ አድርጋችሁ መሥራት ትችላላችሁ እኮ።

እኔ ለሰው ሬሲፒ ስሰጥ አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፤ የማንጎ ኬኬ የመጀመሪያው መስመር ነው፦ ማንጎ፣ የተላጠ፣ በአንድ ሳንቲ ሜትር ልክ የተከተፈ፣ 330 ግራም። በአሜሪካ ኩባያ ሳይጠቀጠቅ 2። ከገበያ ግማሽ ኪሎ፣ ምርቃቱ ሳይቆጠር።